ባዶ ነው ያልኩት በረሃ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሕይወት ልትጠይቀን ከባሕር ዳር ሞጣ መጥታ ነበር። ምሳ በልተን እጃችንን እንደታጠብን ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከጓደኞቿ ጋር መርጡለ ማርያም ደርሳ፣ አፋፉ ላይ ቆማ የዓባይን በረሃ ፎቶ አንስታለች። "አባባ፣ አንተ የድሮ ፎቶ አንሺ አይደለህ? እስቲ አስተያየት ስጠኝ" አለችኝ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የተነሳ ነው። ገደሉ ቀልቷል፤ ዛፉ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ነው፤ ከታች ሙቀቱ እንደ ጭጋግ ተኝቷል። ቤተሰቡ ሁሉ እየተቀባበለ አደነቀው። እኔ ግን ስልኩ እጄ ሲገባ፣ ራሷ እንዳስተማረችኝ በሁለት ጣቴ ምስሉን ከፈት ከፈት እያደረግሁ ከቋጥኝ ቋጥኝ፣ ከጥሻ ጥሻ መፈተሽ ጀመርኩ።

"ምን ጠፍቶህ ነው አባባ?" አለች እየሳቀች።

"ሰው እንዳለበት እያየሁ ነው።"

"ሰውማ የለበትም! ባዶ ስለሆነ አይደል እንዴ ያማረው?"

ይህችን ቃል እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በዚያው አገር ተናግሬያታለሁ። የሰሙኝ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ስልኩን ለልጅቷ መለስኩላትና "ቆንጆ ነው" አልኳት። ቆንጆ መሆኑማ እውነት ነው።

ያኔ የምሠራው ብቸና ነበር። ሙያውን የተማርኩት ግን እዚሁ ሞጣ፣ ከጋሽ ይርጋ ነው። ጋሽ ይርጋ የሞጣን ሰው ከክርስትናው እስከ ተዝካሩ ሲያነሱ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ትዕግሥት ያልፈጠረባቸው ሰው ነበሩ። ሦስት ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ካሳጠቡኝ በኋላ "አሁን ሂድና ራስህን ቻል" ብለው ብቸና አንዲት ክፍል ተከራይተው አስቀመጡኝ። ክፍሏ በመንገዱ በኩል ሰፊ መስታወት አላት። ከውስጥ ደግሞ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሳለው መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ሐይቅ፣ ዘንባባ፣ ዳክዬ ይሁን ዝይ ያልለየለት ወፍ። የብቸና ሰው በዚያ ወፍ ፊት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሳ ነበር። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሙሽራ አነሳለሁ፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ከጉርዱ አሳድጌ ለለቅሶ የሚያዘውን እሠራለሁ። በእኛ አገር የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ነው የሚለቀሰው። ፎቶ ሳይነሳ የሞተ ሰው ቤተሰብ "ምኑን ይዘን እናልቅስ?" እያለ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን መልሻለሁ።

ጋሽ ይርጋ ከሞጣ ሆነው ይቆጣጠሩኛል። በየሳምንቱ የሠራሁትን በፖስታ አድርጌ ለአውቶቡስ ሹፌር እሰጣለሁ፤ እሳቸው በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጽፈው በዚያው ሹፌር ይመልሱልኛል። "ሙሽራዋ ታማለች ወይስ መብራቱ?" "እጁን የት ጣልከው?" "ይህን ስታነሳ ነቅተህ ነበር?" የምስጋናቸው ጣሪያ "ይሁን" ነው። አንዲት "ይሁን" ያገኘሁ ቀን ጠላ ቤት ገብቼ ጓደኛ እጋብዛለሁ። ከሁሉ የማይምሩት ነጭ ነጥብ ነው። ኔጋቲቭ ላይ አቧራ ካረፈ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ሲያዩ "ፊትህን ሳትታጠብ ነው ሥራ የምትገባው?" ብለው ይጽፋሉ። ስለዚህ ነጥብ ባየሁ ቁጥር በቀጭን ብሩሽ ቀለም እየነካሁ መደበቅ ለምጄ ነበር።

በረሃ የማንሳት ልክፍት የያዘኝ ከአንድ የቀን መቁጠሪያ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የሰው አገር አሸዋ ነው፤ ወሩን በገለጥክ ቁጥር ሌላ አሸዋ። ሰው የለበት፣ ከብት የለበት። ሌላው ሰው ቀኑን አይቶ ዘወር ይላል፤ እኔ ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደረገ ሰው ማየት ሰልችቶኝ ነበር መሰለኝ። "እኛስ በረሃ መቼ አጣን?" አልኩ። በእኛ ዘንድ በረሃ ማለት የዓባይ ገደል ነው። አፋፉ ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው፣ ከጥቂት ሰዓት ቁልቁለት በኋላ ላብ በላብ ይሆናል። ባሕታዊም፣ ሰው የገደለም የሚወርደው ወደዚያው ነው። የኋለኛውን ያኔም አውቅ ነበር፤ ማወቅና ማሰብ ግን አንድ አይደሉም።

ግንቦት ላይ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ተነሳሁ። ብቸና ላይ ጤፍ የጫነ መኪና አገኘሁና ጆንያ ላይ ተቀምጬ እስከ ጉንደ ወይን፣ ከዚያ በሌላ መኪና ወደ መርጡለ ማርያም ሄድኩ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። አንገቴ ላይ ካሜራ፣ ኪሴ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ፣ ከንፈሬ ላይ ዘፈን፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎኝ መንገድ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም። መርጡለ ማርያም የእናቴ ዘመድ የሆኑ የቅኔ መምህር፣ የኔታ ፈንታ፣ አሳደሩኝ። ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው።

"በረሃው ምን አለው ብለህ ነው ፎቶ የምታነሳው?" አሉኝ።

"ምንም የለውም፤ ለዚያ እኮ ነው የኔታ።"

"እግዜር ምንም የሌለው ቦታ አልፈጠረም" አሉና ሌላ ወሬ አመጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ለየኔታ ቁርስ ያመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ለእኔም የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ቋጠሩልኝ። "ወዴት ነህ ልጄ?" አሉኝ ካሜራዬን እያዩ።

"ወደ በረሃው፣ እማማ። ፎቶ ላነሳ።"

"ሰው እንዳታነሳ።"

"ሰውማ የለበትም። ባዶ ስለሆነ አይደል ያማረኝ?"

እማማ ትርንጎ የቋጠሩትን ጨርቅ ፈቱና እንደገና አጥብቀው አሰሩት። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

የወረድኩበት መንገድ ዛሬም ከነድንጋዩ ትዝ ይለኛል። የፍየል መንገዱን እስኪያልቅ ድረስ ትወርዳለህ፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ሾላ ታገኛለህ፤ ከሾላው ግራ ታጥፈህ ጠርዝ ጠርዙን ስትሄድ ከፊትህ ያለው ገደል ወለል ብሎ ይታያል። ድንጋዩ በጫማዬ ሶል አልፎ ያቃጥላል። ዝንጀሮዎች ቁልቁል ስወርድ ሲጯጯሁ ቆይተው፣ ጠርዙ ላይ ስደርስ ድንገት ጸጥ አሉ። ከወዲያ ማዶ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ከገደሉ ወጣ ብሎ ከሥሩ ጥቁር ጥላ ጥሏል፤ በር ተከፍቶ የተተወ ቤት ይመስላል። ጭስ ሸተተኝ። ከሰል የሚያከስሉ ይሆናሉ አልኩ። የሆነ ሰው የሚያየኝም መሰለኝ፤ ፀሐዩ ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ያን ቋጥኝ ስምንት ጊዜ አነሳሁት። ከዚያ ቂጣዬን በልቼ፣ ከመጣሁበት በፈጠነ እርምጃ ወጣሁ።

ብቸና ተመልሼ ፊልሙን ሳጥብ ብቻዬን በደስታ ሳቅሁ። አንደኛው እንደዚያ የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ወጥቶልኛል። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ገደሉን ሰንጥቆታል፤ ጥላው ድቅድቅ ያለ ነው። ጉድለቱ አንዲት ነጭ ነጥብ ናት፤ ቋጥኙ ሥር፣ የጥላው ከንፈር ላይ። ኔጋቲቩን አጥቤ ደገምኩት፤ ነጥቧ አለች። ሠለስኩት፤ አለች። የማይለቅ አቧራ ናት ብዬ ተውኳት። እንደ ጋሽ ይርጋ አጉሊ መነጽር ቢኖረኝ ኖሮ ምን እንደሆነች ባየሁ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር፣ ቢኖረኝም ላያት አልፈልግም ነበር። ሁለት ፎቶ አሳድጌ አወጣሁ። ለጋሽ ይርጋ የምልከውን ነጥቧን በጥቁር ቀለም ሸፈንኩና በፖስታ አድርጌ ለሹፌሩ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ግን እንዳለ መስታወቱ ላይ ሰቀልኩት። የብቸና ሰው ለነጥብ ምን ግድ አለው?

የብቸና ሰው አስተያየት ሳይውል ሳያድር መጣ። "ሰውየውን ረስተህ ነው እንዴ ያነሳኸው?" አለኝ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ገደል ማየት ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም ብላ እንዳወርደው ለመነችኝ። አንድ ቄስ ቆመው አዩና "ደንበኛ ሲጠፋ የምትገባበትን ነው ያሳየኸን?" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ተቃጠለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ቆም ብሎ እንዲያይልኝ ጓጓሁ። ከጋሽ ይርጋ "ይሁን" በፊት ከማንም ቢሆን አንዲት ደግ ቃል መስማት ፈለግሁ።

በአራተኛው ቀን መጣልኝ። የገበያ ቀን ነው። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጸጉርና ጺሙ ተያይዘው ፊቱን የዋጡት፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው መስታወቱ ፊት ቆመ። ሐዘን ላይ እንዳለ ያስታውቃል። በሬ የሚነዱ ሰዎች ገፍተውት አለፉ፤ አልዞረም። ቆመ፤ ቆመ፤ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ገባ።

"አንተ ነህ ያነሳኸው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"እጅህ ይባረክ" አለ ሳይቀመጥ። "እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝ። ቆላውን የሚያውቅ ሞልቷል፤ እንዲህ አድርጎ ያየው ግን የለም።"

ፎቶውን ከመስታወቱ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። መቼ እንዳነሳሁት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጠዋት ይሁን ማታ ጠየቀኝ፤ ጥላውን እያሳየሁ ጠዋት መሆኑን አስረዳሁት። በየት በኩል እንደወረድኩ ጠየቀኝ። ሰው እንደዚህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፌን ማን ይያዘው? የፍየል መንገዱን፣ ሾላውን፣ ግራ የሚታጠፈውን፣ ጠርዙን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ቃል አልበቃ ቢለኝ ባዶ ፖስታ አንስቼ ጀርባው ላይ በእርሳስ ሳልኩለት። እሱ በወፍራም ጣቱ መስመሩን እየተከተለ ይሰማኛል። ከዚያ ጣቱ ከፖስታው ወደ ፎቶው ተሻገረና ነጩ ነጥብ አጠገብ ቆመ።

"ይቺስ?"

አፈርኩ። "አቧራ ናት ጋሼ፤ ይቅርታ። ቀለም ልቀባትና ትጠፋለች።"

"ተዋት" አለ። "አትንካት።"

ፎቶውን በነጻ ሰጠሁት። ሊከፍል ኪሱ ሲገባ እጁን ያዝኩት፤ ከፖስታው ጋር ጠቅልዬ አስያዝኩት። ይህም አልበቃኝ፤ "እርስዎንም ላንሳዎት?" አልኩት። ለደንበኛ በሰቀልኩት መስታወት ራሱን አየ፤ ጺሙን ዳበሰ። "እንዲህ ሆኜ? ስላጭ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። ያን ዕለት ጠላ ቤት ገብቼ ሁለት ጓደኛ ጋበዝኩ።

የጋሽ ይርጋ ፖስታ ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ሹፌሩ ታሞ መኪናው ቆሞ ነበር። ፖስታውን እየሮጥኩ ከፈትኩት። የሸፈንኩት ቀለም ተጠርጎ ነጥቧ ዳግመኛ ወጥታለች። ጀርባውን ገለበጥኩት። ከሁልጊዜው የረዘመ ጽሕፈት ነው።

"ምን ልትደብቀኝ ነው? ቀለሙን በእርጥብ ጥጥ አንስቼ በመነጽር አየሁት። አቧራ አይደለም፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ነው። ከጀርባው ጭስ አለ። በዚህ ሐሩር እዚያ ብቻውን የሚቀመጥ የሚሸሸግ ሰው ነው። ይህን ፎቶ ለማን አሳየኸው?"

ያ ወፍ በተሳለበት መጋረጃ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለማን እንዳሳየሁት አውቃለሁ። ስሙን ግን አልጠየቅሁትም። ለሚያርመኝ ደብቄ ለማላውቀው ገልጬ ሰጠሁ።

በማግሥቱ ወደ መርጡለ ማርያም ተነሳሁ፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ከጉንደ ወይን ወዲያ መኪናው ተቀረቀረ፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የኔታ ፈንታ ቤት ስገባ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። እማማ ትርንጎ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሁሉንም ሳልቀንስ ተናገርኩ፤ ጸጉርና ጺሙ የረዘመውን ሰውዬ ስናገር የእማማ ትርንጎ እንዝርት ቆመ።

"አዳሙ ነው" አሉ የኔታ።

ታሪኩን የሰማሁት ያኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በእርሻ ድንበር ጠብ ምናሉ የሚባል ወጣት የአዳሙን ታናሽ ወንድም በዱላ መታው፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ምናሉ በረሃ ወረደ። አዳሙ ደግሞ የወንድሙን ደም ሳይመልስ ምላጭ ራሱን እንዳይነካው መቃብሩ ላይ ማለ። ሽማግሌዎች ገብተው ዓመት ሙሉ ለምነዋል። ለፍልሰታ ምናሉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ወጥቶ አዳሙ እግር ሥር እንዲወድቅ ተቀጥሮ ነበር። አዳሙ እሺም እምቢም አላለም። ምናሉ የት እንዳለ ከእናቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቱ እማማ ትርንጎ ናቸው።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እሳቸው ራሴን በእጃቸው ዳበሱኝ፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። "ሰው እንዳታነሳ ብዬህ ነበር፣ ልጄ" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ሁለት ገበሬዎችና አንድ ቄስ ወረዱ። እኔም ልከተል ብል የኔታ ከለከሉኝ። በማግሥቱ ወደ ማታ ተመለሱ። አመዱ ቀዝቅዟል፤ የውኃ ቅሉ ግማሽ ድረስ እንደሞላ ተቀምጧል፤ ጋቢው ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቶ ዝናብ መትቶታል። ሰው የለም። ቄሱ "ዓባይ ሳይሞላ ተሻግሮ ይሆናል" አሉ፤ ሁሉም "ይሆናል" አለ። እማማ ትርንጎ ብቻ እርጥቡን ጋቢ ጭናቸው ላይ አድርገው ያጣጥፉ ነበር። እኔ "ተሻግሮ ይሆናል" የምትለዋን ይዤ ብቸና ገባሁ። ገደል ጫፍ ላይ ያለ ሰው ሣርም ቢሆን ይጨብጣል።

ሐምሌ መጣ። ዝናቡ ቀን ከሌት ነው፤ ደንበኛ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ጃንጥላውን እያራገፈ አንድ ሰው ገባ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ራሱ ተላጭቷል፤ ጺሙ ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ፀሐይ ያላየው ቆዳ ነጣ ብሎ ይታያል። በኮቱና በእጁ አወቅሁት።

ያም ሆኖ በልቤ አንዲት ተስፋ ነበረች፤ እርቅ ሲወርድም ሰው ይላጫል። "ሽማግሌዎቹ... አስታረቋችሁ እንዴ ጋሼ?" አልኩት።

"ሽማግሌ የሚያስታርቅ ሁለት ሰው ሲኖር ነው" አለኝ። ሄዶ መጋረጃው ፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "ስላጭ እመጣለሁ ብዬህ አልነበር? አንሳኝ።"

አነሳሁት። ለምን አላባረርከውም የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔም ራሴን አርባ ዓመት ጠይቄያለሁ። ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። በካሜራው ቀዳዳ ሳየው ደስታ ፊቱ ላይ አልነበረም። ብቻውን ሬሳ የቀበረ ሰው ይመስል ነበር። አንስቼው ከወንበሩ ሲነሳ፣ ፎቶው ተሰቅሎበት ወደነበረው የመንገዱ መስታወት አየና "ሌላ አልሰቀልክም?" አለኝ። አልሰቀልኩም አልኩት። ፎቶውን ሊወስድ አልመጣም፤ ከዚያ ክረምት በኋላ አገር ለቆ መሄዱን ሰማሁ። ለሕግ ሰዎች የማውቀውን ተናግሬ ነበር፤ ጠየቁ፣ ፈለጉ፤ ሬሳም ምስክርም አልተገኘም።

እማማ ትርንጎ ዘንድ ልነግራቸው ሄድኩ። በር ላይ ሲያዩኝ "አትንገረኝ" አሉ። "ጋቢውን ያየሁ ቀን አውቄዋለሁ። ውኃና ጋቢ ትቶ የሚሄድ ልጅ አልወለድኩም።" ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንድ ነገር ስጠኝ። ልጄ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። አንተ ዘንድ ግን አለ።"

ብቸና ተመልሼ ሦስት ሌሊት ጨለማ ክፍል ውስጥ አደርኩ። ያቺን ነጥብ ለብቻዋ ላሳድጋት ሞከርኩ። ባሳደግኋት ቁጥር ፊት ሳትሆን እንደ ተበተነ አመድ እየሆነች ጠፋችብኝ። ነጥብ ሆና ስትቀር ብቻ ነው ሰው የምትመስለው። ስለዚህ ገደሉን እንዳለ፣ ወረቀቴ የሚችለውን ያህል አሳድጌ ሠራሁላቸው።

ለቅሶው የተደረገው በፍልሰታ ነው፤ ምናሉ ድንጋይ ተሸክሞ ሊወጣ በተቀጠረበት ሰሞን። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ያን ፎቶ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው መሐል ገቡ። ከሩቅ የመጣው ለቀስተኛ ግራ ተጋባ። "ምኑን ነው የያዙት? ገደሉን ነው?" ሲባባሉ ሰማሁ። እሳቸው ወደ እያንዳንዱ ሰው እየቀረቡ በጣታቸው ያሳያሉ፤ "ይቺ ናት፤ ይቺ ነጯ ናት፤ እዩልኝ" ይላሉ። ሰው ሁሉ እየተጎነበሰ አየ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ሥራዬን ሰው እንደዚያ ተጠግቶ አይቶልኝ አያውቅም። ከመስከረም በኋላ ብቸናን ትቼ ሞጣ ጋሽ ይርጋ ዘንድ ተመለስኩ፤ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ ሲያደርግ አንስቼ ኖርኩ። በረሃ ዳግመኛ አላነሳሁም።

ይህን ሁሉ ለሕይወት የነገርኳት በዚያው ባለፈው እሑድ፣ ስልኩን ከመለስኩላት በኋላ ነው፤ ለቤተሰቤ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከሣጥኔ ሥር ያን ጋሽ ይርጋ በጥጥ የጠረጉትን ፎቶ አውጥቼ ሰጠኋት። ነጥቧን ፈልጋ አገኘቻት። ገለበጠችና የእርሳሱን ጽሕፈት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። መጨረሻዋ ላይ፣ "ለማን አሳየኸው?" የምትለዋ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ የእኔን እኮ ኢንተርኔት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሦስት መቶ ሰው አይቶታል" አለች።

"ምን ይላሉ?"

ስልኳን ከፍታ ታነብልኝ ጀመር። "ዋው።" "አገሬ!" "እጅሽ ይባረክ።" ልብና እሳት የላኩም አሉ፤ እያሳየችኝ አለፈቻቸው። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ። ስሙ ሦስት ፊደል ብቻ የሆነ፣ ፎቶው ቦታ ላይ ባዶ ግራጫ ክብ ያለበት ሰው ነው። "በጣም ያምራል። እንዲህ አድርጎ ያየው የለም። ቦታው የት ነው? በየት በኩል ይወረዳል?" ይላል።

በዚህ ዘመን ወደ በረሃው የወረደ ማን እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚፈልገው፣ እኔም አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

"መለስሽለት?" አልኳት።

"ገና ነኝ" አለችና ስልኩን አጥፍታ ከጋሽ ይርጋ ፎቶ አጠገብ፣ በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።